በምሥራቅ በር የሌለው አውሮፕላን ጣቢያ

አምሐ ገብረ ኪዳን ሠላሳ ዓመት ካለፈውም በኋላ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነበር። በባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። በጧት ማስመሪያውን በብብቱ ሸጉጦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የአጥሩን ጥግ ጥግ ይዞ ወደ ቢሮ ሲሄድ ያዩት ሁሉ "ይኼ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ሰማ?" ይላሉ። ምንም አልሰማም። ተፈጥሮው ነው። ዝናብ ሲዘገይ ይጨነቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጨነቃል፣ አለቃው ፈገግ ያለለት ቀን ደግሞ የባሰ ይጨነቃል። ዘመኑም ቢሆን እንዲህ ላለው ሰው የሚሆን አልነበረም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዘጠነኛ ዓመቱ ሊሞላ ነው፤ ሰው ጎረቤቱን እንኳ ግራና ቀኙን አይቶ ነበር ሰላም የሚለው።

እንጀራው ንድፍ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ሙያውን ተምሮ፣ ባሕር ዳር ካለ አንድ የሕንፃ ሥራ ቢሮ ተቀጥሮ የእህል መጋዘንና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲነድፍ ኖረ። አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ቆርቆሮ። ለመጋዘን ማን ይጨነቃል? አምሐ ይጨነቃል። "ጣሪያው ቢወድቅስ?" እያለ ከሥራ ሲወጣ እየዞረ ያየው ነበር።

የአውሮፕላን ጣቢያው ነገር እንዲህ ሆኖ መጣ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የሚጠብቀው ሜዳ ዳር በቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በበጋ ትጋግራለች፣ በክረምት ታፈሳለች። ከዚያ ከበላይ አካል ትእዛዝ ወረደ። "ዘመናዊ፣ የአካባቢውን ሰፊ ሕዝብ ማንነት የሚያንጸባርቅ ጣቢያ ይነደፍ" ተባለ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች አንድ ነድፈው አመጡ፤ የክብሪት ቀፎ የመሰለ ነገር ሆኖ ግንባሩ ላይ ትልቅ ዓሣ ተስሎበታል። የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ሀብቴ አየና "ይኼ ዓሣ መሸጫ ነው" ብሎ መለሰው። ያን ጊዜ የቢሮው ኃላፊ ዞር ዞር ሲል ዓይኑ አምሐ ላይ አረፈ።

"አንተ የሐይቁ ልጅ አይደለህም? እስቲ የአገርህን መልክ አሳየን!" አለው።

አምሐ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም።

ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። ጓድ ሀብቴን ስለማታውቁት ነው። ሙሉ ስሙ ሀብተ ሥላሴ ነው፤ ሥላሴን የጣለው አብዮቱ በመጣ ማግስት ነው ይባላል። ረስቶ "ጓድ ሀብተ ሥላሴ" ብሎ የጠራው ሰው ካለ ፊቱ ይጠቁራል። ኮፍያውን አያወልቅም፤ ሲበላም ሲሰበስብም አናቱ ላይ ናት። እሑድ ጧት፣ ልክ ቅዳሴ በሚገባበት ሰዓት፣ የውይይት ክበብ ይጠራል፤ የቀረ ሰው ወዮለት። ዓርብ ዕለት ሻይ ቤት ይገባና ወተት ያላዘዘውን ሁሉ በዓይኑ ይለቅማል። ባለፈው ዓመት ከሒሳብ ክፍል አንዱ ሠራተኛ ጠበል በጠርሙስ ይዞ ቢሮ ገባ ተብሎ ተወሰደ። ለማጣራት ነው ተባለ፤ ይኸው ማጣራቱ አላልቅ ብሎ ሚስቱ እስከዚያች ቀን ድረስ ስንቅ ታመላልስ ነበር። የዚያ ሰውዬ ባዶ ወንበር ደግሞ ከአምሐ መስኮት ትይዩ ነው። ቀና ባለ ቁጥር ያየዋል።

እንዲያም ሆኖ ንድፉ ያዘው። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ሥራ ደስ ያለው ነገር የለም። ኮምፓሱን ተክሎ ክብ አሰመረ፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ። በውጨኛው ዙሪያ ሸኚና ተቀባይ ይቆማል፤ በኛ አገር አንድ ሰው ሲሄድ ሰፈር ሙሉ ነውና የሚሸኘው፣ ሰፊ ጥላ ያስፈልጋል። በመካከለኛው ዙሪያ ቲኬት የያዘው መንገደኛ ይቀመጣል። በውስጠኛው፣ ከፍ ባለው ክፍል፣ ተራ ሰው አይገባም፤ ከሰማይ ጋር በራዲዮ የሚነጋገሩት ብቻ ናቸው የሚገቡት። ጣሪያው ከዚያ ጀምሮ እየሰፋ ይወርድና ዙሪያውን በእንጨት ዓምድ ያርፋል። በስተ ሰሜን አንድ በር፣ በስተ ደቡብ አንድ በር፣ በስተ ምዕራብ ትልቁ በር።

"ከየት አመጣኸው?" ሲሉት፣ "እንጃ፣ መጣልኝ" ይላል። ውሸቱን አልነበረም፤ እጁ ይሄዳል፣ እሱ ይከተላል።

የቢሮው ኃላፊ ወረቀቱን ሲያይ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። "ጎጆ! የሰፊው ገበሬ ጎጆ! እንዴት አላሰብነውም!" እያለ ይዞት ሮጠ። ጓድ ሀብቴ ወረቀት ላይ ያለ ክብ ምኑ ይታየዋል? "ጎጆ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሞዴል ይሠራና ሰፊው ሕዝብ ይወያይበት" አለ። ቀን ተቆረጠ። ከመሸንቲም፣ ከደቅም፣ ከየሐይቁ ዳርቻም የገበሬና የሴቶች ማኅበራት ተወካዮች እንዲመጡ ጥሪ ተላለፈ።

ሞዴሉን አምሐ የሠራው ከሸሪፋ ጋር ነው። ሸሪፋ አብራው የምትነድፍ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ አባቷ በሐይቁ ላይ ከወደብ ወደብ ቡናና ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ሳቂታ ናት፣ ምላሷ ደግሞ ስል ነው፤ አምሐ ጥፍሩን ወደ አፉ ባስጠጋ ቁጥር "ምሳ ሰዓት አልደረሰም" ትለዋለች። ግድግዳውን በካርቶን፣ ዓምዱን በቀርከሃ ስንጥር፣ ጣሪያውን ታንኳ በሚሠራበት በሐይቁ ደንገል ሠሩት። ሲያልቅ ሁለቱም ራቅ ብለው አዩት። አምር ብሎ ነበር፣ እላችኋለሁ።

ሸሪፋ ዞራ ዞራ ካየችው በኋላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አምሐ፣ መንገደኛው በየት በኩል ነው ወደ አውሮፕላኑ የሚወጣ?"

"በበሩ ነዋ።"

"በየትኛው በር? አውሮፕላኑ የሚቆመው በምሥራቅ ነው። አንተ በምሥራቅ በኩል በር የለህም።"

አምሐ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። በሰሜን አለ፣ በደቡብ አለ፣ በምዕራብ አለ፤ በምሥራቅ ድፍን ግድግዳ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ በምዕራብ በር ይወጣና ሕንፃውን ዞሮ ነው አውሮፕላኑን የሚይዘው። ስንት ሳምንት ሲስለው ከርሞ ይኼን አላየም! መጋዘን እንኳ ሲነድፍ ጋሪ በየት ይገባል ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው!

"በምሥራቅ በኩል እንዴት በር ይኖራል?" አለ ሳያስበው።

"ለምን አይኖርም?"

መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ።

ሸሪፋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንተ፣ እኔ እስላም ነኝ፣ ገብቼ አላየሁም። ግን ያደግሁት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ማዶ ነው። ወንዱ በዚያ በር፣ ሴቷ በዚህ በር ሲገቡ ሳይ ነው ያደግሁ። ጣቢያ አይደለም የሠራኸው።"

አምሐ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ውጨኛው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት ነው። መካከለኛው ቅድስት ነው። ማንም የማይገባበት ውስጠኛው ክፍል፣ በሉ እናንተው ጨርሱት። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉበት፣ እሱ ራሱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የገባበት የደቅ ደብር፣ ዓምዱ ሳይቀር፣ ቁልጭ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል በልጅነቱ ገብቶ ወጥቶ ስለማያውቅ በምሥራቅ በር መክፈት አልታየውም። የዚያ አገር የካህን ልጅ ካልሆነ በቀር ይኼን ስሕተት ማን ይሳሳታል?

"አለቀልኝ" አለ። "ሳላውቅ ነው ብል ማን ያምነኛል? አድኃሪ ሆን ብሎ በመንግሥት ገንዘብ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ነበር ይሉኛል። ሸሪፋ፣ አለቀልኝ!"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። በር እንክፈትለትና ጎጆ ነው እንበል።" ምላጭ አቀበለችው።

አምሐ ምላጩን ይዞ በምሥራቁ ግድግዳ ፊት ቆመ። ካርቶን መሆኑን ያውቃል፤ ሙጫውን የቀባው እሱ ነው። እጁ ግን እምቢ አለው። ላብ አጠመቀው።

"አምጣ ወዲህ!" አለች ሸሪፋ። ምላጩን ተቀብላ በምሥራቅ በኩል ሸርከት ሸርከት አድርጋ በር አወጣችለት። ከጨረሰች በኋላ "አላህ ይቅር ይበለን" አለች፤ እሷም አልሳቀችም።

በሩ የተከፈተ ቢሆንም ቤቱ ያው ቤት ነው። አምሐ ታምሜያለሁ ብሎ ሊቀር አሰበ፤ ቤቱ ድረስ ቢመጡስ? ለቢሮው ኃላፊ ሊናገር አሰበ፤ ኃላፊው ጎጆዬ ጎጆዬ እያለ ለከተማው አውርቶ ጨርሷል። እንደ አዲስ ልሥራው እንዳይል ጥሪው ሄዷል። ባዶው ወንበር በመስኮቱ በኩል ያየዋል። የሚበላ ጥፍር አልቆበት ጣቱን መብላት ጀመረ።

በዚህ ላይ ሌላ ወሬ መጣ፤ ከደቅ የሴቶች ማኅበር የምትመጣው ሊቀ መንበሯ ናት አሉ። ሊቀ መንበሯ ማን ናት? ወይዘሮ የሺአረግ፣ የገዛ እናቱ! ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው፤ ማኅበር ሲቋቋም ከካድሬው ጋር የተከራከረች እሷ ብቻ ስለነበረች ነው የተመረጠች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታውን አይችለውም ነበር። አሁን ግን ሐሞቱ ፈሰሰ፤ እናቱ ያንን ሞዴል ስታይ የምታደርገውን ያውቀዋልና።

በዋዜማው ከጀልባ ስትወርድ ተቀበላት። ቀሚሷን አዲስ ለብሳለች፣ ፊቷ በርቷል። ስማው ስማው ጉንጩ ደከመ።

"አምሐዬ! ያንተን ሥራ ላይ መጣሁ። በጀልባው ያለውን ሰው ሁሉ ልጄ ነው የሠራው ስል ጆሮውን በላሁት" አለችው።

ሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ ሰው ራቅ ያለበት ቦታ ወሰዳትና ቆመ። "እምዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።"

"ለምነኝ።"

"ነገ ያንን ስታዪ እንዳትሳለሚው።"

ከት ብላ ሳቀች። "አውሮፕላን ማረፊያ ልሳለም? አበድህ እንዴ ልጄ?"

አምሐ ቁጢጥ ብሎ አሸዋው ላይ በእንጨት ሣለላት። አንድ ክብ፣ በውስጡ ሌላ፣ በውስጡ ሌላ። ሦስቱን በሮች አመለከታት። የሺአረግ ሳቋ ጠፋ። ውጨኛው መሥመር እግሯ አጠገብ ደርሶ ስለነበር እግሯን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበች።

"የአባትህ ቤት ነው" አለች።

"አዎ።"

"እነሱ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። ካወቁ እኔን አታገኚኝም፣ እምዬ። ሰው ተወስዷል በጠርሙስ ጠበል።"

ሐይቁን አየች። "እኔኮ ልጄ፣ ያን ደጅ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም። ያን ጊዜ ታምሜ በቃሬዛ ሲወስዱኝ እንኳ አውርዱኝ ብዬ ነው የተሳለምሁ። አባትህ የሞቱ ለትም እያለቀስሁ ተሳልሜያለሁ። ሥዕል ነው ብዬ፣ ካርቶን ነው ብዬ ልለፈው?"

"ስለኔ ስትዪ።"

የልጇን ጣቶች አየች። ጫፋቸው ደም ቋጥሯል። አንጀቷን በላት። "እሺ። ቃሌ ነው፤ አልሳለምም።"

"ሌሎቹስ? የደቅ ሰዎች?"

"እነሱ ካድሬ ፊት ዓይናቸውን ቀና አያደርጉም። አለቃው ያላደረገውን አያደርጉም፣ አትፍራ።"

አምሐ ተነሥቶ አሸዋው ላይ ያለውን በጫማው ሊያጠፋው ሲል ክንዱን ያዘችው። "በእግርህ አይደለም፣ በእጅህ" አለችው። በእጁ አጠፋው።

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን እንደደፉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የሺአረግ ከፊት ተቀምጣለች። ሸሪፋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከኋላ ደግሞ ከበላይ የመጡ ሁለት ሰዎች እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ ጓድ ሀብቴ ራሱ ወደ እነሱ ሲያይ ድምፁ ይቀጥናል። ሞዴሉ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ነው። አምሐ ከጎኑ ቆሟል።

ጓድ ሀብቴ ተናገረ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ፣ ስለ ፊውዳል ሥርዓት ተናገረ፣ አጉል እምነት የሕዝብን ዓይን እንዴት እንዳሰረ ተናገረ፣ በመጨረሻ ስለ ጎጆ ተናገረ። አምሐ ቶሎ በጨረሰ ይላል፣ ደግሞ ባልጨረሰ ይላል። በመጨረሻ ጓድ ሀብቴ "እነሆ!" ብሎ ቀዩን ጨርቅ ገፈፈው።

አልቀጠለም። ዓይኑ ሞዴሉ ላይ ቀረ። ቀኝ እጁ ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ ሄዳ ኮፍያውን ያዘች፤ አወለቀችው። ሰው አይቶት የማያውቀው መላጣ ብርሃን መታው። ከዚያ ጓድ ሀብቴ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎንበስ አለ። ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነካ።

ወይ ጉድ! አለቃው ከተሳለመማ ማን ይቀራል? አግዳሚው ሁሉ ሲጢጥ አለ። የደቁም፣ የመሸንቲውም፣ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን እያወለቀ እጥፍ አለ። አንዱ ሽማግሌ ጫማቸውን ሊያወልቁ ታገሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ድረስ ጎነበሱ። ከዚያ ሁሉ የደብር ሰው መካከል አንዲት ሴት ብቻ ቀጥ ብላ ቆመች። የሺአረግ ከንፈሯን ነክሳ፣ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ አልጎነበሰችም።

"ጓድ ሀብቴ፣" አለ ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ፣ "ምን እየተደረገ ነው?"

ጓድ ሀብቴ ዓይኑን ገለጠ። ኮፍያው እጁ ውስጥ መሆኗን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። "ይኼ… ይኼ እንግዲህ…" አለና ዙሪያውን ቃኘ፤ የታጠፈውን ሰው ሁሉ አልፎ ዓይኑ የቆመችው ሴት ላይ ተጣበቀ።

"እርስዎ፣ እናት! እርስዎ አልጎነበሱም። ይኼ ቤት ምን እንደሆነ እስቲ ለጓዶች ይንገሩልኝ።" ድምፁ ልመና ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ወንበር ላይ ቀለጠ። አምሐ የእናቱን አፍ አየ፤ በቃ፣ ነፍሱ እዚያ አፍ ላይ ናት። የሺአረግ ሞዴሉን አየችው። ጣሪያውን አየች፣ ዓምዱን አየች፣ በደቡብ በኩል ያለችውን የራሷን በር አየች።

"ጎጆ ነው፣ ጌታዬ" አለች። "የገበሬ ጎጆ። ሌላ ምን ይሆናል?"

"ሰዉ ታዲያ ለምን ጎነበሰ?" አለ የኋላው ሰውዬ።

"የጎጆ በር ዝቅ ያለ ነዋ! ጎጆ ሲገባ የማይጎነበስ ማን አለ? ኮፍያዎንማ ካላወለቁ መቃኑ ነው የሚነጥቅዎ!"

ሳቅ ፈነዳ። ሰዉ ሁሉ ጭንቀቱን በሳቅ ተነፈሰው።

"እርስዎስ ለምን አልጎነበሱም?" አለ ሰውዬው፤ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው።

"እኔማ ይኸው አጭር ነኝ። ሳልጎነበስ እገባለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። ጓድ ሀብቴ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። "ወግ ነው! የአገሬው ወግ ነው!" እያለ አጨበጨበ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አምሐ ዓምድ ፈልጎ ተደገፈ። ተረፈ። እናቱን ፈልጎ ሲያያት፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልሳቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰዉ ለምሳ ሲበተን ጓድ ሀብቴ አምሐን ወደ ቢሮው አስጠራው። አምሐ ሲገባ ኮፍያዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። በሩን ዝጋ አለው።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የመሪጌታ ገብረ ኪዳን።"

"እኔ የማን ልጅ እንደሆንሁ ታውቃለህ?" መልስ አልጠበቀም። "የቄስ ልጅ ነኝ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ አንድ ደጅ አልተሳለምሁም። አስቤ ነው የተውሁት፤ ተምሬ፣ ገብቶኝ ነው የተውሁት። ዛሬ ግን እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ሄደ።"

ጓድ ሀብቴ እጁን ገልብጦ አየ።

"ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው። ክፋቱም እሱ ነው። ይኼ ቤት ተሠርቶ የቆመ እንደሆነ፣ እንግዳ ልቀበል በሄድሁ ቁጥር እጄ ወደ ኮፍያዬ ይሄዳል። እኒያ እናት ደግሞ ሁልጊዜ ከጎኔ አይቆሙም።" ኮፍያውን አንሥቶ አጠለቀ፤ ፊቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። "የክብሪት ቀፎውን አምጣ። ዓሣውን አጥፋና ታንኳ ሳልበት። ያኛው ዛሬውኑ ይፍረስ።"

"እሺ፣ ጓድ።"

"ማንም እንዳይሰማ።"

አምሐ ሲወጣ እፎይ ልበል ወይስ ላልቅስ እያለ ነው። እናቱ ከሸሪፋ ጋር ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። ስታየው መጀመሪያ እጁን ያዘች፣ ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል።

"ለቀቁህ?"

"ለቀቁኝ። አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ፣ እምዬ።"

"ቃሌን ጠበቅሁልህ?"

"ጠበቅሽልኝ።"

"እንግዲያ አሁን ሰው የለም፤ ውሰደኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎጆ ነው ያልሁት ውስጤን እያንገበገበኝ ነው። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው።"

ሊነግራት አስቦ አቃተው። ገና አላፈረሱት ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለና ወደ አዳራሹ መራት። ሸሪፋ ማንም ሳይጠይቃት ደጁ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ጓድ ሀብቴ የላካቸው አናጢዎች ፈጣኖች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጣውላ ብቻ ቀርቷል። የደንገሉ ፍርካሽ መሬት ላይ ተበትኗል። ጣውላው ላይ የሙጫው ምልክት አልለቀቀም፤ አንድ ክብ፣ በውስጡ ሌላ፣ በውስጡ ሌላ፣ በየበሩም ክፍተቱ ይታያል።

የሺአረግ አየችው። አልጠየቀችም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ በደቡብ በኩል ዞራ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ ጣውላውን ተሳለመች። ቶሎ ቀና አላለችም።

አምሐ መጀመሪያ በሩን አየ። ቀጥሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ እሱም ከእናቱ ጎን ጎንበስ አለ።